ባሌት ከወንበር ጀርባ

የዛሬውን ርዕስ ስታዩ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል፤ አንዳንዶቻችሁም «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ማለታችሁ አይቀርም። የመጣው ከስልክ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው እህቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ካደረሱ በኋላ በር ዘግተው፣ ስልካቸውን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው የባሌት ጀማሪ ትምህርት ይከታተላሉ። እኔ ይህን ያወቅሁት ዊንጌት ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ነው፤ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ማስታገሻ ሊገዙ ይመጣሉና።

የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። በዚህ ዕድሜ ይጀመራል ወይ? ከተጀመረስ ጉልበት ለምን ያማል? ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ አዎ፣ ይጀመራል። ሁለተኛው ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጉልበቱን የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ሳይሆን እግርን ወደ ውጭ የማዞሪያው ቦታ መሳሳት ነው። ሕመሙን በማስታገሻ ሸፍኖ መቀጠል ደግሞ ጉዳቱን ከጉልበት ወደ ኩላሊት ሊያሻግረው ይችላል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ባሌት ምንነት ጥቂት እንበል።

ባሌት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያን መሳፍንት ግብዣዎች ላይ የተወለደ ጥበብ ነው። ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በ1661 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የዳንስ አካዳሚ ካቋቋመ በኋላ ሥርዓት ያዘ። የእንቅስቃሴዎቹ ስሞች እስከ ዛሬ በመላው ዓለም በፈረንሳይኛ የሚጠሩትም ለዚህ ነው። ፈረንሳዮች ራሱን ባሌትን የሚጠሩት «ባሌ» ብለው ነው። እኛ ጋ ግን «ባሌ ጉልበቴን አሳመመኝ» ብትሉ ሽማግሌ ስለሚሰበሰብ «ባሌት» ብንለው ይሻላል።

የእኛ እስክስታ ጉልበቱ ትከሻ ላይ ነው። ባሌት የሚጀምረው ከእግር ጣት ነው፤ ከዚያ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ወደ ባት፣ ወደ ጭንና ወደ ዳሌ ይወጣል። በመድረክ ላይ በጣት ጫፍ ቆሞ መሽከርከር የብዙ ዓመታት ልፋት ውጤት ስለሆነ የዛሬው ጽሑፋችን እዚያ አይደርስም። የምናወራው ስለ መሠረቱ ነው፤ «ባር» የሚሉትን አግዳሚ በእጅ ይዞ፣ ከቦታ ሳይነቃነቁ፣ በዝግታ ስለሚሠራው ልምምድ። በቤት ውስጥ አግዳሚውን ወንበር ይተካዋል።

«ይህ እንቅስቃሴ ይፈቀዳል ወይ?» ለምትሉ፣ ስለ ሙዚቃና በሰው ፊት ስለ መታየት ብይን መስጠት የእኔ ሥራ ስላልሆነ ለኡስታዞቻችሁ እተወዋለሁ። ከጤና አኳያ ግን ልምምዱ ሙዚቃ የግድ አያስፈልገውም፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብሎ መቁጠር ይበቃል። ልብሱም ቢሆን ጠባብ መሆን የለበትም። ጉልበታችሁ የሚታጠፍበት አቅጣጫ እንዲታያችሁ ቀሚሳችሁን ትንሽ ሰብሰብ አድርጉት፤ ሱሪም ይሆናል። በራችሁን ዘግታችሁ የምትሠሩት ስለሆነ ማንም አያያችሁም።

በአዋቂ ዕድሜ ስለ መጀመር

ሎቴ በርክ የተባለች በጀርመን የተወለደች ዳንሰኛ ነበረች። ወገቧ ላይ ጉዳት ከደረሰባት በኋላ የባሌትን የአግዳሚ ልምምድ ከማገገሚያ እንቅስቃሴ ጋር አዋሕዳ በ1959 እ.ኤ.አ. በለንደን ለሴቶች ማስተማር ጀመረች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ከአርባ አምስት አልፎ ነበር። ዛሬ በየአገሩ በስፖርት ቤቶች «ባር» እየተባለ የሚሰጠው ሥልጠና ሥሩ ከእርሷ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. በለንደን የተመሠረተው የንጉሣዊ የዳንስ አካዳሚም «ሲልቨር ስዋንስ» በሚል ስም ዕድሜያቸው ከ55 በላይ ለሆኑ ሰዎች የባሌት ትምህርት ያዘጋጃል። አያቶች የሚማሩትን እኛ በሠላሳ አምስት ዓመታችን «ዘገየን» ማለታችን አይገርምም?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ዳንስ አሠልጥኗል። «አዱኛ» የተባለው የማኅበረሰብ የዳንስ ቡድን የተወለደው ከዚያ ሥራ ነው። ማልዱም ራሱ ዳንስ የጀመረው ዕድሜው ሃያን ካለፈ በኋላ ነው፤ በባሌት ዓለም ይህ በጣም ዘግይቶ መድረስ ነው። ከአዱኛ ልጆች አንዱ የሆነው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ተምሯል። እርግጥ የጁነይድ ሙያ ባሌት ሳይሆን ዘመናዊ ዳንስ ነው። እነዚህን ሰዎች ያነሳኋቸው ሰውነት ሕፃንነት ካለፈ በኋላም አዲስ ነገር እንደሚማር ስለሚያሳዩን ነው። ስለ ሒጃብ ለምትጠይቁ ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ስቴፋኒ ኩርሎው አለች፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ከነሒጃቧ ባለሙያ ባሌሪና ለመሆን ለሥልጠናዋ ገንዘብ ስታሰባስብ ዜናዋ በመላው ዓለም ተሰምቷል።

ወለልና ወንበር

የዊንጌት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርድ ብርድ አለበት። የቀዘቀዘ ጅማት ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ደቂቃ በቦታችሁ እየረገጣችሁ ተራመዱ፤ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥታችሁ ውረዱ። ከሱቅ መልስ ዳገቱን የወጣችሁ እንደሆነም ሰውነታችሁ ሞቋል።

ወለሉ ከምታስቡት በላይ ወሳኝ ነው። ወፍራም ምንጣፍ ላይ ውስጥ እግር ይያዛል፤ ሰውነት ሲዞር እግር ካልዞረ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። ሴራሚክ ላይ በካልሲ መቆም ደግሞ ያንሸራትታል። ሊሾ ወይም በደንብ የተለጠፈ ፕላስቲክ ላይ በባዶ እግር መሥራት የተሻለ ነው። የስኳር ሕመም ያለባችሁና የእግራችሁ ስሜት የቀነሰ ግን በባዶ እግር አትሥሩ፤ ሶሉ ስስ የሆነ፣ እግርን የሚይዝ ጫማ አድርጉ። ወንበሩ ከባድ የእንጨት ወንበር ይሁን። የፕላስቲክ ወንበር ሲደገፉበት ይገለበጣል። የምትይዙት መደገፊያውን ነው፤ ያውም ሳትጨብጡት እጃችሁን በላዩ ላይ በማሳረፍ ብቻ።

ሙቀጫና ማጠፊያ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በባሌት የመጀመሪያው አቋቋም ተረከዝ ከተረከዝ ገጥሞ ጣቶች ወደ ውጭ የሚዞሩበት ነው። በስልክ የምታዩዋት ልጅ ሁለት እግሮቿ ቀጥ ያለ መስመር እስኪመስሉ ድረስ ይዘረጋሉ። እርሷ ከሕፃንነቷ ጀምራ ዓመታት ሠርታበታለች፤ የአጥንቷ አፈጣጠርም ረድቷታል። እናንተ በመጀመሪያው ቀን እርሷን ለመምሰል ስትሞክሩ ምን ይሆናል?

የዳሌ መገጣጠሚያ ሙቀጫና ዘነዘና ይመስላል። የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ሆኖ ወደየአቅጣጫው ይዞራል። ጉልበት ግን እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ዋና ሥራው መታጠፍና መዘርጋት ነው። በር ተከፍቶ ይዘጋል እንጂ ሲጠመዘዝ ማጠፊያው ይላቀቃል። እግር ወደ ውጭ መዞር ያለበት ከሙቀጫው፣ ማለትም ከዳሌ ነው። ጀማሪ ግን ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ ጣቶቹን በግድ ይገፋል። ጭኑ ስላልዞረ የጠመዘዘው ጉልበቱን ነው፤ ቁርጭምጭሚቱም ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ የውስጥ እግር ጎድጓዳውም መሬት ይነካል። በአንድ ቀን ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጉልበታችሁን ከውስጥ በኩል ያማችኋል።

የራሳችሁን መጠን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ጀርባችሁ ላይ ተኙና እግሮቻችሁን ዘርጉ። ከዚያም ጭናችሁን ከላይ፣ ከዳሌ ጀምራችሁ ወደ ውጭ አዙሩና የጉልበታችሁ ሎሚ ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ። ጣታችሁ ሊያይ የሚገባው ወደዚያው አቅጣጫ እንጂ ከዚያ አልፎ አይደለም። ለብዙ አዋቂዎች ሁለቱ እግሮች መካከል የሚከፈተው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ያንሳል፤ ይህ ምንም ጉድለት የለበትም። ስትቆሙ ደግሞ ጉልበታችሁን በትንሹ አጥፋችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ጉልበታችሁ ከአውራ ጣት ቀጥሎ ባለው ጣት ትክክል ከሆነ ደኅና ናችሁ። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ጣቶቻችሁን መልሱ። በየቀኑ፣ በየእንቅስቃሴው ይህችን ብቻ ብትፈትሹ እኔ ዘንድ የምትመጡበት ምክንያት ግማሹ ይቀራል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሦስት እንቅስቃሴዎች ይበቋችኋል። አንደኛው «ፕሊዬ» ይባላል፤ ተረከዝን ከመሬት ሳያነሱ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ ጉልበትን ወደ ጣት አቅጣጫ ማጠፍ ነው። መቀመጫ ወደ ኋላ አይወጣም፤ ግድግዳ ተደግፋችሁ የምትንሸራተቱ አስመስሉት። በአራት ቁጥር ውረዱ፣ በአራት ውጡ፤ ስምንት ጊዜ ይበቃል። ተረከዛችሁ ሊነሳ ሲል እዚያው ላይ አቁሙ። ሁለተኛው «ታንዲዩ» ነው። አንዱን እግር መሬቱን እየዳሰሰ ወደ ፊት ማንሸራተት ሲሆን፣ መጀመሪያ ተረከዝ፣ ቀጥሎ መሐሉ ይነሳና የጣት ጫፍ ብቻ መሬት ላይ ይቀራል። በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያም ወደ ኋላ ይሠራል። ቀላል ይመስላል፤ የሚለፋው ግን ባላሰባችሁት በኩል፣ በቆመው እግር ነው። ሰውነታችሁን ሙሉ የተሸከመው እርሱ ነውና።

ሦስተኛው «ርሌቬ» ተረከዝን ማንሳት ነው። እዚህ ላይ እኛ አንድ ነገር አግዞናል። በተሸሁድ ስንቀመጥ ቀኝ እግራችንን አቁመን ጣቶቹን ወደ ቂብላ እናጥፋለን። ርሌቬም የሚፈልገው ይህንኑ የአውራ ጣት መታጠፍ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምረው የሰገዱ ሰዎች ብዙዎቹ ጣታቸው ለዚህ አልተሳሰረም። ክብደታችሁን አውራ ጣትና ቀጥሎ ባለው ጣት ሥር ጣሉት፤ ትንሿ ጣት ላይ ከወደቀ ቁርጭምጭሚት ይወለማል። በሁለት ቁጥር ውጡ፣ በአራት ውረዱ። ባትን የሚያጠነክረው የመውረዱ ዝግታ ነው፤ ተረከዝን ዱብ አድርጎ መጣል ጥቅም የለውም።

ይህ ሁሉ ከሃያ አምስት ደቂቃ አይበልጥም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሐሉ አንድ አንድ ቀን እያረፋችሁ ሥሩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል። የወንበሩ ልምምድ ለሁለተኛው ያገለግላል እንጂ የእግር ጉዞውን አያስቀርም። ባሎችም ቢሞክሩት ክልክል የለበትም፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ለሚውል ሾፌር ወይም ሱቅ ውስጥ ለሚቆም ነጋዴ ባትና ዳሌ እኩል ይደክማሉ።

የማስታገሻው ነገር

ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ከልምምዱ በኋላ ባለው ቀንና በማግስቱ ባትና ጭን ላይ በሁለቱም እግር የሚሰማ ድካምና መጠዝጠዝ የጡንቻ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ራሱ ይጠፋል። መገጣጠሚያ ላይ፣ በአንድ ቦታ፣ ስትሠሩ የሚወጋ ሕመም ግን «አቁሙ» የሚል መልእክት ነው። ይህን መልእክት በኪኒን ዝም ማሰኘት ምን ያመጣል?

አንዲት እህት በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ዲክሎፌናክ ልትገዛ መጣች። የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ ወይ ስላት «የደም ግፊት ብቻ» አለችኝ። «ብቻ» ያለችው ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነበር። ውድ አንባብያን፣ እነዚህ ሁለቱ ከዲክሎፌናክ ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲገናኙ ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ኩላሊት የሚሠራበትን የደም ግፊት ያወርዳሉ። በተለይ ውሃ ባነሰበት ሰውነት ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ላይ ዲክሎፌናክ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ጨጓራንም ያቆስላል። «ሐኪም አዞልኝ ነበር» ብሎ የአምና ማዘዣ ይዞ መምጣትም አይሠራም፤ ሐኪሙ ያዘዘው ለአምናው ሕመም ነው። ለእህታችን ለጊዜው ፓራሲታሞል ሰጥቼ፣ ልምምዱን ለሁለት ሳምንት እንድታቆምና ሐኪም እንዲያያት ነገርኳት። እንዴት እንደምትቆም እንድታሳየኝም ጠየቅኋት። ባንኮኒው ጥግ ላይ ቆማ አሳየችኝ፤ ጣቶቿ ወደ ግራና ቀኝ ግድግዳ ያያሉ፣ ጉልበቶቿ ግን እኔን ያያሉ!

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የሲፕሮፍሎክሳሲን ጉዳይ ነው። ይህ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለመሳሰሉት የሚታዘዝ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጅማትን፣ በተለይም ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራሙን ጅማት ሊያሳብጥ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥስ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለሚወስዱ አደጋው ይበልጣል። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ርሌቬ አትሥሩ፤ ከጨረሳችሁም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ታገሡ። ከተረከዛችሁ በላይ ሕመም ከጀመራችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትጠቀሙ በባዶ ሆድ አትለማመዱ፤ ስኳራችሁ ወርዶ ልትወድቁ ትችላላችሁ። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከፕሊዬ ስትነሱ በዝግታ ይሁን። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ልምምዱንም ማስታገሻውንም ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ፤ እነ ዲክሎፌናክ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ለፅንሱ ኩላሊት አስጊ ናቸው።

ጉልበት ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ስትራመዱ ከከዳችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። አንድ ባት ብቻ አብጦ የሚያቃጥል ከሆነማ አትሹት፤ በዚያው ቀን ታዩ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም፤ በሌላ ወር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለአጥንት አዋቂ ሴት በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ከሩብ በላይ የሚሆነውን ይሰጣል፣ የጤፍ እንጀራም ያግዛል። በየሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስዱ፣ መርፌው በምትጠቀሙበት ጊዜ የአጥንትን ጥግግት በመጠኑ ስለሚቀንስ ለወተቱም፣ ቆሞ ለሚሠራ ልምምድም የበለጠ ትኩረት ስጡ። መርፌው ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል፤ ስለዚህ በድንጋጤ አታቋርጡት። በረመዷን ከኢፍጧር በኋላ፣ ቴምርና ውሃ ተወስዶ ሆድ ሳይከብድ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ተራዊሕ ራሱ ረጅም መቆም ስለሆነ በዚያ ምሽት ርሌቬውን ተዉት።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ኢንሻ አላህ ወንበሩን በሁለት ጣት ብቻ ነክታችሁ መሥራት ትጀምራላችሁ፤ ከዚያም አንድ እግር አንስታችሁ አሥር እስክትቆጥሩ መቆም። ሁለቱ እግሮች ጣት ከተረከዝ ተደራርበው የሚገጥሙበትን አምስተኛውን አቋቋም ግን የሚያይ አስተማሪ ሳይኖር አትሞክሩ፤ ጉልበት የሚጠመዘዘው እዚያ ላይ ይብሳል። በጣት ጫፍ የሚያስቆመውን ጫፉ ጠንካራ የሆነ ጫማም ማንም ቢሸጥላችሁ አትግዙ፤ ለእርሱ የሚበቃ ቁርጭምጭሚት በአስተማሪ ፊት ዓመታት ይፈጃል። ለጊዜው ጫማ የሚያስፈልገው ወንበሩ ነው፤ እንዳይንሸራተት ከአራቱ እግሮቹ ሥር ጎማ አድርጉለት።